የፒጄ ሃርቪ የሙዚቃ ጉዞ፦ ከጎንደር ለደረሱን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ባለፈው እትማችን ስለ እንግሊዛዊቷ የአልተርኔቲቭ ሮክ ድምፃዊት፣ ገጣሚና የዜማ ደራሲ ፒጄ ሃርቪ አጭር ማስታወሻ አውጥተን ነበር። ከጎንደር ከተማና ከአካባቢዋ ብቻ የደረሱን ደብዳቤዎች አምዱ ሊይዝ ከሚችለው በላይ ስለሆኑ፣ ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርገን ጥቂቶቹን መርጠናል። ከኢትዮጵያ አዋጆች ዓመት በስተቀር የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ጊታር እጫወታለሁ፤ ግጥሙንም ዜማውንም የምደርሰው ራሴ ነኝ። ዘመድ ከውጭ ሲመጣ በፍላሽ ይዞልኝ የመጣውን የፒጄ ሃርቪን ሥራ ከሰማሁ ወዲህ ሌላ ነገር መስማት አቅቶኛል። ጓደኞቼ ግን «አዲስ አበባ ካልገባሽ ማን ያውቅሻል?» እያሉ ያስጨንቁኛል። እሷ የገጠር ልጅ ናት ብላችኋል። እንዴት ጀመረች? አገሯን ለቅቃ መውጣትስ ግድ ሆኖባት ነበር?
ተማሪዋ፣ ከማራኪ

መልስ፦ እህታችን፣ ፒጄ ሃርቪ (ሙሉ ስሟ ፖሊ ጂን ሃርቪ) በ1969 በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በዶርሴት አውራጃ፣ ብሪድፖርት በተባለች ትንሽ ከተማ ተወለደች፤ ያደገችው ግን ከዚያ ወጣ ብላ በምትገኘው በኮርስኮም መንደር ነው። ቤተሰቡ የድንጋይ ካባ ሥራ ነበረው፤ እናቷ ደግሞ ቅርጻ ቅርጽ ትሠራ ነበር። ወላጆቿ ብሉዝ የተባለው የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ አፍቃሪዎች ስለነበሩ እቤት ውስጥ የብሉዝና የቦብ ዲላን ሸክላዎች ይሰሙ ነበር፤ በአካባቢያቸው የሙዚቃ ዝግጅት ሲያሰናዱም እንግዳ ሙዚቀኞች ከእነርሱ ዘንድ ያርፉ ነበር። ልጅቷ ሙዚቃን ከመማሯ በፊት ከጓዳ ሰምታዋለች ማለት ይቻላል። ትምህርት ቤት ገብታ የተማረችው ሳክስፎን ነው፤ ጊታር የያዘችው ኋላ ነው።

ታሪኳን የሚያወሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚዘልሉት ክፍል ቀጥሎ ያለው ነው። በ1988 ጆን ፓሪሽ የሚመራው አውቶማቲክ ድላሚኒ የተባለ ቡድን ውስጥ ገባች፤ እዚያም ለሦስት ዓመት ያህል ሳክስፎንና ጊታር እየተጫወተች፣ ለሌላው ድምፃዊ እየተቀበለች ቆየች። በእነዚህ ዓመታት የተማረችው ሌሎችን መስማት፣ በሰዓት ልምምድ መገኘት፣ ከአንድ መድረክ ወደ ሌላ መድረክ ዕቃ ተሸክሞ መሄድ ነበር። ፓሪሽም ከዚያ ወዲህ በየጊዜው አብሯት የሚሠራ የሥራ ባልደረባዋ ሆኖ ቀርቷል።

በጥር 1991 ያንን ቡድን ለቅቃ፣ ከከበሮ መቺው ከሮብ ኤሊስና ከአንድ የቤዝ ጊታር ተጫዋች ጋር ሦስት ሆነው የራሷን ቡድን አቋቋመች። የመጀመሪያ ዝግጅታቸውን ያቀረቡት በዚያው በዶርሴት፣ ቻርማውዝ በምትባል መንደር አዳራሽ ውስጥ ነው። ራሷ እንደምትተርከው ሰዉ ገና በመጀመሪያው ዘፈን እየተነሣ መውጣት ጀመረ፤ በመጨረሻም አንዲት ሴት ወደ ከበሮ መቺው ጠጋ ብላ፣ ክፍያችሁን አናስቀርባችሁም፣ ብቻ መጫወታችሁን አቁሙልን ብላ ለመነቻቸው። ከዚያ ምሽት እስከ መጀመሪያው አልበሟ ድረስ ያለው ጊዜ አንድ ዓመት ገደማ ብቻ ነው፤ ስለዚህ አንድ አዳራሽ ሙሉ ሰው ቢሸሽሽ የፍርዱ መጨረሻ እንዳይመስልሽ።

ለንደን የሄደችው ከዚህ በኋላ ነው። እዚያ በሚገኝ የሥነ ጥበብ ኮሌጅ ቅርጻ ቅርጽ የምትማርበት ቦታ ተሰጥቷት ነበር፤ እሷ ግን ትምህርቱን አቆይታ ወደ ሙዚቃው አደላች። በ1991 መገባደጃ ላይ ቱ ፒዩር የተባለ አነስተኛ አሳታሚ የመጀመሪያ ነጠላ ዘፈኗን አወጣላት፤ በ1992 ደግሞ «ድራይ» የተሰኘው አልበም ተከተለ። በዚያው ዓመት ሮሊንግ ስቶን የተባለው የአሜሪካ መጽሔት የዓመቱ ምርጥ የዘፈን ደራሲ ብሎ መረጣት፤ ኒርቫና የተባለው የአሜሪካ ሮክ ቡድን መሪ ድምፃዊ ከርት ኮቤይንም በማስታወሻ ደብተሩ ላይ ከዘረዘራቸው ተወዳጅ አልበሞች መካከል «ድራይ»ን አስገብቶታል።

ይሁን እንጂ ጉዞው፣ ቃለ መጠይቁና የለንደን ኑሮ ተደራርበው ጤናዋን ስላወኩት ወደ ዶርሴት ተመለሰች፤ ለሁለተኛው አልበም የቀሩትን ዘፈኖች የጻፈችውም እዚያው ባሕሩ አጠገብ ሆና ነው። ይህ «ሪድ ኦፍ ሚ» የተባለው አልበም በ1993 ሲወጣ አሳታሚው አይላንድ ሬከርድስ ነበር፤ ቀረጻው የተከናወነው በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ ግዛት በሚገኝ ስቱዲዮ፣ በድምፅ ቀረጻ ባለሙያው በስቲቭ አልቢኒ እጅ ነው። አልቢኒ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በዚያው ስቱዲዮ የኒርቫናን የመጨረሻ የስቱዲዮ አልበም ቀርጿል። እንግዲህ ለጥያቄሽ መልሱ እንዲህ ነው፦ ለመቅረጽና ለመታየት ከአገሯ ወጥታለች፤ መጻፍ ሲያስፈልጋት ግን ተመልሳለች፤ ይህንንም ልማድ በኋለኞቹ ሥራዎቿ ደግማዋለች።

እዚህ ላይ ነገሩን አላግባብ እንዳናቀልለው እንፈራለን። ከዶርሴት ተነሥቶ ለንደን ለመግባት በባቡር ጥቂት ሰዓት ይበቃል፤ ከጎንደር አዲስ አበባ ግን መንገዱ ከሰባት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ስቱዲዮውም፣ አቀናባሪውም፣ አሳታሚውም፣ ቴሌቪዥን ጣቢያውም በብዛት ያለው እዚያ ነው። ጓደኞችሽ የሚሉት ከንቱ አይደለም። እኛ ከእነርሱ የምንለየው በቅደም ተከተሉ ላይ ነው፦ አዲስ አበባ የሚገባው የሚያሳዩት ሥራ ተይዞ ነው። ፒጄ ሃርቪ በ1993 «ፎር ትራክ ዴሞስ» በሚል ስም ያወጣችው አልበም፣ ብቻዋን ሆና እቤቷ በአራት መስመር የካሴት መቅረጫ የቀዳቻቸው የዘፈን ረቂቆች ስብስብ ነው። አንዳንድ አድማጮች፣ እኛንም ጨምሮ፣ ከስቱዲዮው ቅጂ አስበልጠን የምንወዳቸው ዘፈኖች እዚያ ውስጥ አሉ። ዛሬ በእጅሽ ያለው ስልክ ከዚያ መቅረጫ የበለጠ መስመር ይቀዳል፤ ስለዚህ የመኝታ ክፍል ጓደኞችሽ በሌሉበት ሰዓት ዘፈኖችሽን ቅጂያቸው፤ አድምጪያቸው፤ የማይረባውን ጣዪው።

ደግሞም ያለሽበት ከተማ ለጆሮ ድሃ አይደለም። በጎንደር በዓታ የአቋቋም ትምህርት ማስመስከሪያ አለ፤ የይርጋ ዱባለ ማሲንቆ የወጣው ከዚህ አገር ነው፤ በሠርግና በምሽት ቤቱ አዝማሪው ግጥም ሲፈጥር ማየት ትችያለሽ። ከተቻለሽ ፒጄ ሃርቪ እንዳደረገችው በሌላ ሰው ቡድን ውስጥ ገብተሽ፣ ጥቂት ጊዜ ተቀባይ ሆነሽ ሥሪ።

ጥያቄ፦ እኔ አልተርኔቲቭ ሮክ የሚባለው ከተለመደው ሮክ በምን እንደሚለይ አልገባኝም። ድምፃዊና የዘፈን ደራሲ የሚለውን አጠራር ለምን አበዛችሁት? ድምፃዊ ሁሉ ይዘፍን የለ?
መምህር፣ ከአዘዞ

መልስ፦ መምህር፣ አልተርኔቲቭ የሚለው ስም በ1980ዎቹ የተስፋፋ ሲሆን፣ የሚገልጸው በአንድ ወጥ ድምፅ የሚታወቅ ሙዚቃን ሳይሆን ከትልልቆቹ አሳታሚዎች ውጭ፣ በአነስተኛ አሳታሚዎችና በአሜሪካ ኮሌጆች የሬዲዮ ጣቢያዎች አማካይነት ይሰራጭ የነበረ የሮክ ሙዚቃን ነው። ድንበሩ የተደባለቀው ኒርቫና በ1991 መጸው ያወጣው «ኔቨርማይንድ» የተባለ አልበም በጥር 1992 የማይክል ጃክሰንን አልበም ከአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ አናት ላይ ሲያወርደው ነው። ከዚያ ወዲህ ትልልቆቹ አሳታሚዎች ራሳቸው እንዲህ ያለ ድምፅ ፍለጋ ወጡ፤ ፒጄ ሃርቪም ወደ አሳታሚው አይላንድ ሬከርድስ የተሻገረችው በዚሁ ሰሞን ነው።

ስለ ሁለተኛው ጥያቄዎ፣ በእኛ አገር ካሴትና ሲዲ ሽፋን ላይ ግጥም የእገሌ፣ ዜማ የእገሌ፣ ቅንብር የእገሌ ተብሎ እንደሚጻፍ ያውቃሉ፤ ድምፃዊው ብዙ ጊዜ ሌሎች ያዘጋጁትን የሚያቀነቅን ነው። በዚህ ክፍፍል ውስጥ ነውር የለም፤ ታላላቅ ሥራዎች ተሠርተውበታል። ፒጄ ሃርቪን የመሰሉት ግን ሦስቱንም ወይም ቢያንስ ሁለቱን በአንድ ራስ ይሠራሉ፤ ከእኛ ዘንድ ለዚህ የሚቀርበው አዝማሪው ነው። የሮኩን ድምፅ ከአገራችን ቅኝት ጋር ሲጋባ መስማት ከፈለጉ ደግሞ ጃኖ ባንድ በ2012 ያወጣውን «ኤርታሌ» የተባለውን የመጀመሪያ አልበሙን ያድምጡ።

ጥያቄ፦ በባህል ኪነት ቡድን ውስጥ ማሲንቆ እጫወታለሁ። ሴትዮዋ በየአልበሙ ድምፅዋንም መሣሪያዋንም ትለዋውጣለች ብላችሁ ጽፋችኋል። የእኛ አድማጭ እንዲህ ያለውን አይምርም፤ አንዴ በወደደልህ ነገር እስከ ዕድሜህ እንድትኖር ይፈልጋል። እሷ አድማጮቿን ሳታጣ እንዴት ዘለቀችው?
ማሲንቆ ተጫዋቹ፣ ከአራዳ

መልስ፦ ወንድማችን፣ በመጀመሪያ ለውጡ ምን ያህል እንደነበር እንናገር፤ ያለዚያ ጥያቄዎ ክብደቱ አይታይም። በ1993ቱ «ሪድ ኦፍ ሚ» የሚሰማው ሻካራ ጊታር፣ ድንገት ከሹክሹክታ ወደ ጩኸት የሚዘል ድምፅና ከበሮ ነው። ብዙ ሰው ያንን ድምፅ በወደደበት ሰዓት ሦስቱ ተጫዋቾች ተለያዩ፤ በ1995 «ቱ ብሪንግ ዩ ማይ ላቭ» የተባለውን አልበም ይዛ ስትመለስ ከጆን ፓሪሽና ፍለድ በሚል ስም ከሚታወቀው ፕሮዲውሰር ጋር ነበረች፤ ጊታሩ ቀንሶ ኦርጋን ገባ፤ ጥቁር ለብሳ ትታይ የነበረችው ሴትም በቀይ ሐር ቀሚስና በደማቅ ኩል መድረክ ላይ ቆመች። በ1998 «ኢዝ ዚስ ዲዛየር» የተባለው ደግሞ ጭምት፣ በኤሌክትሮኒክ ድምፆች የተሞላ ነው። በ2000 ከፊሉን በኒው ዮርክ ቆይታዋ የጻፈችው «ስቶሪስ ፍሮም ዘ ሲቲ፣ ስቶሪስ ፍሮም ዘ ሲ» ወጣ፤ ከሁሉም ይልቅ ብሩህና ለጆሮ የሚቀልለው ይህ ነው፤ በብሪታንያ በየዓመቱ ለምርጥ አልበም የሚሰጠውን የመርኩሪ ሽልማትም አስገኝቶላታል። የሽልማቱ ቀን መስከረም 11 ቀን 2001 ስለነበርና እሷም በዕለቱ ለሥራ ዋሽንግተን ስለነበረች፣ የደስታ ንግግሯን ያደረገችው በዕለቱ የሽብር ጥቃት የተነሣው የፔንታጎን (የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ሕንጻ) ቃጠሎ በሚታይበት ከተማ ውስጥ ሆና በስልክ ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ያንን የሽልማት ድምፅ ይዞ አሥር ዓመት ይኖርበታል። እሷ በ2004 ከከበሮው በስተቀር መሣሪያዎቹን በሙሉ ራሷ የተጫወተችበትን ሻካራ አልበም አወጣች፤ በእኛ አስተያየት ከሥራዎቿ ሁሉ ደካማው እሱ ነው፤ ወደ ኋላ የተመለሰችበትም ብቸኛው ሳይሆን አይቀርም። በ2007 ግን «ዋይት ቾክ» መጣ። በዚህ አልበም ጊታሩን አስቀምጣ፣ እምብዛም የማትችለውን ፒያኖ ያዘች፤ ድምፅዋንም ከለመደችው ወፍራም ድምፅ አውጥታ ልጅ ወደሚመስል ቀጭን ድምፅ ሰቀለችው። ብዙ የቀድሞ አድማጮቿ አልወደዱትም፤ እኛ ግን ከሁሉ አብልጠን የምንመለስበት እሱ ነው።

መሣሪያ መቀየሩ ለምን ይጠቅማል ለሚለው፣ ከእርስዎ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ማሲንቆ የያዘ ጣት ዓመታት ሲያልፉ የሚሄድበትን ቦታ ሳያስበው ያውቀዋል፤ አዲስ ዜማ እየፈጠርኩ ነው ሲል የትናንቱን አንቺሆዬ ይደግማል። ፒጄ ሃርቪ በቃለ መጠይቆቿ ደጋግማ የምትናገረውም ይህንኑ ነው፦ የማታውቀውን መሣሪያ ስትይዝ እጇ የለመደው መንገድ ስለሌለው ዜማው አዲስ ሆኖ ይመጣል። በ2011 ለወጣው አልበሟ አውቶሃርፕ የተባለውን ክራር መሰል ባለ ብዙ አውታር መሣሪያ የያዘችው በዚሁ ምክንያት ነው።

አድማጭ አላጣችም ማለት ግን አይቻልም፤ በየለውጡ ከፊሉ ቀርቷል፤ ሌላው ተተክቷል። ያልተለወጡትን ነገሮች ልብ ካላልን ደግሞ አዘላለቋ አይገባንም። አብረዋት የሚሠሩት ሰዎች ጥቂትና ነባር ናቸው፦ ፓሪሽ ከ1988፣ ኤሊስ ከ1991፣ ፍለድ ከ1995 ጀምሮ በተለያዩ አልበሞች ላይ ተመላልሰው ይገኛሉ። አልበም የምታወጣው ሲደርስላት ብቻ ስለሆነ በመካከል ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም ሰባት ዓመት ያልፋል። ግጥሟም በመሣሪያው ለውጥ አይሸፈንም፤ አጭር ነው፤ በአካል በሚታይ ነገር የተሞላ ነው፤ የሚናገረው ሰው ማን እንደሆነ ወዲያው ይታወቃል። በዚህ ላይ እጅግ ከሚሸጡት ድምፃውያን ወገን ሆና አታውቅም። በአገሯ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ የወጣችው በ2016፣ ከመጀመሪያው አልበሟ 24 ዓመት በኋላ ነው። ብዙ ያልሰጠ አድማጭ ብዙ አይጠይቅም፤ ምናልባት ነጻነቷን የጠበቀላት ይኸው ሳይሆን አይቀርም። የእርስዎ አድማጭ በሠርግና በበዓል ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚሸልም ስለሆነ እዳው ይከብዳል፤ ለሠርጉ የሚወደውን እየተጫወቱለት፣ አዲሱን ለቀረጻ ቢያቆዩት ይሻላል ብለን እናስባለን።

ጥያቄ፦ ይህች ድምፃዊት ስለ ጦርነት አልበም ሠርታ ተሸልማለች ይባላል። እኛ ጦርነትን በወሬ ብቻ የምናውቅ ሰዎች አይደለንም። ሰላም ባለበት አገር ተቀምጦ የሌላውን ሰቆቃ ዘፈን ማድረግ ተገቢ ነው ትላላችሁ? የጡረታ ባለመብት፣ ከጎንደር ቅዳሜ ገበያ አካባቢ

መልስ፦ አባታችን፣ ጥያቄዎ ሁለት የተለያዩ አልበሞችን ይነካል፤ ፍርዳችንም ለሁለቱ አንድ አይደለም።

የመጀመሪያው በ2011 የወጣው «ሌት ኢንግላንድ ሼክ» ነው። የአልበሙ ዋና ጉዳይ የገዛ አገሯ እንግሊዝ ወደ ጦርነት የላከቻቸው ልጆች ሲሆኑ፣ አንደኛው የዓለም ጦርነትና በ1915 በቱርክ፣ በጋሊፖሊ የተደረገው ውጊያ ሰፊ ቦታ ይዘዋል። ግጥሞቹን ዜማ ሳታስብላቸው ከሁለት ዓመት በላይ ወስዳ ጻፈቻቸው፤ የወታደሮችን ማስታወሻ፣ ከኢራቅና ከአፍጋኒስታን የወጡ የሰዎች ምስክርነቶችን አነበበች፤ ዜማው የመጣው በኋላ ነው። የተቀረጸው ስቱዲዮ ውስጥ ሳይሆን በዶርሴት፣ ኤይፕ በተባለች የባሕር ጠረፍ መንደር ባለ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ በ2010 በጸደይ ወራት ነው። አድማጩን የሚያስደንቀው ዜማው ቀላል፣ አንዳንዴም የልጆች መዝሙር የሚመስል ሆኖ ግጥሙ በድን የሚቆጥር መሆኑ ነው። በእኛ መለኪያ ብንለካው ቀረርቶና ፉከራ የለበትም፤ ለእንጉርጉሮ ይቀርባል። ጀግና አይሰይምም፤ ጠላትም አይሰድብም፤ የሞተውን ይቆጥራል። ለዚህም የመርኩሪን ሽልማት ለሁለተኛ ጊዜ አገኘች፤ ሽልማቱን ሁለት ጊዜ የወሰደ ሌላ ድምፃዊ የለም። ለዚህ አልበም የምንሰጠው መልስ፣ አዎ፣ ተገቢ ነው የሚል ነው፤ የተናገረችው ስለ ራሷ ወገን ዕዳ ነውና።

ሁለተኛው የ2016ቱ «ዘ ሆፕ ሲክስ ዴሞሊሽን ፕሮጀክት» ነው። ከፎቶግራፍ ባለሙያው ከሼመስ መርፊ ጋር ወደ ኮሶቮ፣ ወደ አፍጋኒስታንና ወደ ዋሽንግተን ከተማ ተጉዛ ያየችውን በግጥም መዘገበች፤ በ2015 መጀመሪያ ላይም ለንደን ውስጥ በሶመርሴት ሃውስ በተሠራ የመስታወት ክፍል ውስጥ ሲቀርጹ ሕዝብ በውጭ ሆኖ ይመለከት ነበር። የአልበሙ መክፈቻ ዘፈን የዋሽንግተንን ድሃ ሰፈር በጨለማ ገጹ ብቻ ስለሣለው፣ የአካባቢው ፖለቲከኞችና የሰፈሩ በጎ አድራጎት ሠራተኞች ተቆጡ። ሰፈሩን ያየችው አንድ የአገሩ ጋዜጠኛ እየመራት፣ በመኪና ስትዘዋወር ነበር። እኛ ቁጣቸው እውነትነት አለው እንላለን። ዘፈኑ የሰማውን በታማኝነት ቢደግምም፣ የደገመው የአንድ አላፊ አግዳሚ እይታን ነው፤ የሰፈሩ ሰው ምን ይበላል፣ በምን ይስቃል፣ ለምን እዚያ ይኖራል የሚለው ውስጡ የለም። እርስዎ የሚፈሩት ነገር በዚህኛው ላይ ይታያል፤ እንዲያም ሆኖ በአገሯ የሽያጭ ሰንጠረዥ አናት ላይ የወጣችበት ብቸኛ አልበም ይኸው መሆኑ ያስገርማል።

ከዚያ ወዲህ የሠራችው ሥራ ለዚህ ክርክር በራሷ የሰጠችው መልስ ይመስለናል። የሩቁን አገር ትታ ወደ ዶርሴት ተመለሰች፤ በ2022 «ኦርላም» የተባለውን ረጅም የግጥም መጽሐፍ አሳተመች፤ መጽሐፉም በአካባቢዋ የገጠር ሰው የድሮ አነጋገር የተጻፈ በመሆኑ እንግሊዛዊው አንባቢ እንኳ መፍቻ ይፈልግለታል። በ2023 የወጣው «አይ ኢንሳይድ ዘ ኦልድ ዪር ዳይንግ» የተባለው አልበሟ ከእነዚሁ ግጥሞች የተሠራ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ ከመፈለግ ይልቅ ዘፈን እደርሳለሁ ብላ ተቀምጣለች። ለመሆኑ በዚህ ሥራ እንጀራ ይበላበታል? ፒጄ ሃርቪስ በምን ትኖራለች?
ነጋዴ፣ ከጎንደር ፒያሳ

መልስ፦ ጌታዬ፣ የፒጄ ሃርቪ ገቢ ከአልበም ሽያጭ ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ ጉዞና መድረክ አለ፤ ለቲያትርና ለቴሌቪዥን ድራማ ሙዚቃ ትሠራለች፤ የቆዩ ዘፈኖቿም «ፒኪ ብላይንደርስ» በተባለው ዝነኛ የብሪታንያ ተከታታይ ድራማ ውስጥ ገብተዋል። ግጥሙም ዜማውም የራሷ ስለሆነ እንዲህ ያለው አጠቃቀም የደራሲነት ድርሻዋን ያስገኝላታል። ልጅዎ ግጥምና ዜማ መድረስ መቻሏ በዚህ ረገድ ትልቅ ነገር ነው።

በአገራችን ይህ ድርሻ በሕግ ተደንግጓል፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጥቶ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። ሕጉ ሥራው ወጥ እስከሆነና በጽሑፍ ወይም በቅጂ እስከተቀመጠ ድረስ ያለ ምዝገባ ጥበቃ ይሰጠዋል፤ የኢኮኖሚ መብቱም በደራሲው ዘመንና ከሞት በኋላ ለ50 ዓመት ይጸናል። በቃል ብቻ ተንጎራጉሮ ያልተቀዳ ዜማ ግን ይህን ጥበቃ ለማግኘት ይቸገራል፤ ስለዚህ ልጅዎ የደረሰችውን ሁሉ ቀን ጽፋ ትቅዳ። ሕጉ መብት ሲተላለፍ በጽሑፍ እንዲሆን ያዝዛል። አንድ አቀናባሪ ወይም አሳታሚ ዘፈኑን እገዛለሁ ሲላት፣ የሸጠችው ግጥሙን ይሁን፣ ዜማውን ይሁን፣ ወይስ ለአንድ አልበም ብቻ የመጠቀም ፈቃድ ይሁን በወረቀቱ ላይ ተለይቶ ሳይጻፍ አትፈርም። እርስዎ በንግድ ውስጥ ውል ሲያነቡ የኖሩ ሰው ስለሆኑ፣ ከመፈረሟ በፊት ወረቀቱን አብረዋት ቢያነቡላት ከምክር የበለጠ ይረዳታል። ከመድረክና ከደራሲነት የሚገኘው ገንዘብ ወር ጠብቆ ስለማይመጣ፣ እስከዚያው ድረስ ሌላ ሥራ መያዟን እኛም እንደግፋለን።

ጥያቄ፦ ከአልበሞቿ በየትኛው ልጀምር?
አንባቢ፣ ከጎንደር

መልስ፦ ለሮክ ሙዚቃ ጆሮዎ እንግዳ ከሆነ በ2000ው «ስቶሪስ ፍሮም ዘ ሲቲ፣ ስቶሪስ ፍሮም ዘ ሲ» ይጀምሩ፤ ዜማው ቶሎ ይያዛል። ማሲንቆና እንጉርጉሮ ለሚወድ ሰው ግን በቀጥታ ወደ «ሌት ኢንግላንድ ሼክ» መሄድ ይሻላል፤ ግጥሙን በጽሑፍ አግኝቶ እያነበቡ ማድመጥም ይጠቅማል። «ሪድ ኦፍ ሚ»ን ለመጨረሻ ያቆዩት፤ ድምፁ በጣም ዝቅ ብሎ ጀምሮ ድንገት ስለሚጮህ በማዳመጫ ሲሰሙ መጀመሪያ ላይ ድምፁን ከፍ አያድርጉት።